የጃጓር የኋላ ሰስፔንሽንን በ1932 ፎርድ ሆት ሮድ ላይ መግጠም፦ ዝርዝር መመሪያ

በሆት ሮድ (ተሻሽሎ በተሠራ አሮጌ መኪና) ላይ ራሱን የቻለ የኋላ ሰስፔንሽን፣ ማለትም ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበትን አሠራር የሚገጥሙ ብዙ ሰዎች ሥራው የሚበላሽባቸው በብየዳው አይደለም። የሚበላሽባቸው መኪናው በሚቆምበት ትክክለኛ ከፍታ ላይ ሳይቀመጥ ብረት መቁረጥ ስለሚጀምሩ፣ እንዲሁም ክንዶቹን ልኬቱ በሚያዝዘው ቦታ ሳይሆን ለማሰር በሚመች ቦታ ስለሚያስሩ ነው። ይህ መመሪያ የሚመለከተው አንድ የተወሰነ ሥራ ነው፤ እሱም ከጃጓር ኤክስጄ6 የወጣን የኋላ ክፍል በ1932 ፎርድ ቻንሲ (የመኪናው የብረት አጽም) ላይ መግጠም ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

## ክፍሉ እንዴት እንደሚሠራ

በዚህ አሠራር ዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማርሽ ክፍል) ከቻንሲው ጋር ታስሮ ይቆማል እንጂ ከጎማዎቹ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች አይሄድም። በየጎኑ አንድ የታችኛው ክንድ አለ፤ ክንዱ በውስጥ በኩል ከዲፈረንሻሉ ግርጌ በታሰረ ረጅም ፒን ላይ ይወዛወዛል፣ በውጭ በኩል ደግሞ ጎማው የሚታሰርበትን ሞዞ ይሸከማል። የላይኛው ክንድ የሚባል ነገር የለም፤ ሥራውን የሚሠራው ሰሚያስ ራሱ ነው፣ ማለትም ኃይልን ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚያደርሰውና በሁለቱም ጫፎቹ በክሮቸራ (በመስቀል ቅርጽ መጋጠሚያ) የሚታጠፈው ዘንግ። ስለዚህ የላላ ክሮቸራ እዚህ ላይ የድምፅ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጎማውን አቋም የሚያናጋ ጉዳት ነው።

የፍሬን ዲስኮቹ ከጎማው ውስጥ ሳይሆን ከዲፈረንሻሉ ግራና ቀኝ ይገኛሉ። በየጎኑ ሁለት፣ በድምሩ አራት፣ ሞላ የለበሱ አሞርዛተሮች አሉ። የታችኛው ክንድ ጎማውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሚገፋው ኃይል ለብቻው ሊቋቋም ስለማይችል፣ ፋብሪካው ከክንዱ ተነስቶ ወደ ፊት የሚሄድ ቁመታዊ ክንድ ጨምሮለታል። ይህን ቁመታዊ ክንድ ትርፍ ነው ብለው የሚያስቀሩ ሠሪዎች አሉ፤ በተለይ ጉልበተኛ ሞተር ላለው መኪና ይህ አደገኛ ውሳኔ ነው።

## ደረጃ 1፦ መምረጥና መለካት

1. ክፍሉ ከየትኛው ሞዴል እንደወጣ ያረጋግጡ። ይህ አሠራር በ1961 በኢ-ታይፕና በማርክ 10 ተጀምሮ በ1968 በወጣው ኤክስጄ6 እና በኋላም በኤክስጄኤስ ላይ ቀጥሏል። በ1986 የወጣው ኤክስጄ6፣ ኤክስጄ40 በሚል መጠሪያ የሚታወቀው፣ ስሙ አንድ ቢሆንም የኋላ ሰስፔንሽኑ ሌላ ስለሆነ ለዚህ መመሪያ አይሆንም።

2. ስፋቱን ይለኩ። በ1932 ፎርድ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት 1,422 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የኤክስጄ6 ወደ 1,490 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ የመጀመሪያው ኢ-ታይፕ ደግሞ 1,270 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ለመነሻ ብቻ ይያዙ፤ ከመግዛትዎ በፊት የቸርኬ መቀመጫዎቹን ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው ጎን ራስዎ ለክተው ከመከላከያዎቹ የውስጥ ስፋት ጋር ያነጻጽሩ።

3. ክፍሉ ሰፋ ካለ በመጀመሪያ ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ቸርኬ ይፈልጉ። ማሳጠር የግድ ከሆነ ሰሚያሱና የታችኛው ክንድ በእኩል መጠን መቆረጥ አለባቸው፤ አለበለዚያ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ የሚያዘነብልበት መጠን ይለወጣል። የተቆረጠ ሰሚያስ መልሶ መበየድና ሚዛኑን መጠበቅ በዚሁ ሥራ የሠለጠነ ወርክሾፕ ተግባር ነው እንጂ በቤት ጋራዥ የሚሞከር አይደለም።

4. የቡሎኖቹን አቀማመጥ ይመልከቱ። ጃጓሩ በ120.65 ሚሊሜትር ክብ ላይ 5 ቡሎን አለው፤ ይህ ከብዙ የቆዩ የሼቭሮሌት ቸርኬዎች ጋር ይገጥማል። የ1932 ፎርድ የራሱ ቸርኬ ግን በ139.7 ሚሊሜትር ክብ ላይ 5 ቡሎን ስለሆነ፣ የፊቱን ካልቀየሩ አንድ ትርፍ ጎማ ለአራቱም አይሆንም።

5. የዲፈረንሻሉን የጥርስ ምጣኔ ይወቁ። በብዛት የሚገኙት ከ2.88 እስከ 3.54 ያሉት ናቸው። 710 ሚሊሜትር ቁመት ባለው ጎማ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ሲነዱና ካምቢዮው በቀጥታ ማርሽ ላይ ሲሆን፣ 2.88 ሞተሩን በደቂቃ 2,150 ዙር አካባቢ ሲያሽከረክረው 3.54 ደግሞ ወደ 2,650 ያደርሰዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የእነዚህ ሞዴሎች ዳዶዎችና ቡሎኖች በአብዛኛው በኢንች የተለኩ ናቸው። በሚሊሜትር መፍቻ ሊፈቷቸው ከሞከሩ ጠርዛቸው ይሟልጣል፤ ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖች ካበላሹ ደግሞ ሥራው ገና ሳይጀመር ይቆማል።

## ደረጃ 2፦ መፍታትና ማደስ

ክፍሉን ቻንሲው ላይ ሳይሰቅሉ በፊት መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ ያድሱት። የፍሬን ዲስኮቹና የዲፈረንሻሉ የጎን ፓራኦሊዮዎች (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙ ቀለበቶች) መሃል ላይ ስለሚገኙ፣ መኪናው ካለቀ በኋላ እነሱን ለማግኘት ብዙ ነገር እንደገና መፍታት ይጠይቃል።

1. ፋብሪካው ክፍሉን የሸፈነበትን የላሜራ ሳጥን ከመፍታትዎ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱ። በዲስኩና በሰሚያሱ መካከል ያሉትን ስስ ሮንዴላዎች የግራውን ከግራ፣ የቀኙን ከቀኝ ለይተው ያስቀምጡ፤ ካምበሩ (የጎማው ራስ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት መጠን) የሚስተካከለው በእነሱ ነው።

2. የውስጥ ፒኖቹን ያውጡ። በዝገት ከያዙ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት አፍስሰው ሌሊቱን ያሳድሯቸው፣ ከዚያም ለስለስ ባለ የብረት መምቻ ይሞክሩ። ካልወጡ በክንዱና በድጋፉ መካከል በመጋዝ ቆርጠው አዲስ ፒን ይግዙ፤ ፒኑን ለማዳን ሲሉ ድጋፉን በእሳት ማጋል ወይም ማጣመም ከአዲስ ፒን ዋጋ በላይ ያስከፍላል።

3. አራቱን የሰሚያስ ክሮቸራዎች፣ የክንዶቹን መርፌ ኩሽኔቶች፣ የሞዞ ኩሽኔቶችን፣ ሁለቱን የዲፈረንሻል የጎን ፓራኦሊዮዎችና የፒኞኑን (ኃይል ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባበትን የፊት ዘንግ) ፓራኦሊዮ ይቀይሩ። ክንዱን ሲመልሱ መርፌ ኩሽኔቶቹንና ሮንዴላዎቹን በቦታቸው የሚይዝ፣ ከክንዱ ስፋት ያልበለጠ አጭር የማስመሰያ ፒን ያዘጋጁ፤ እውነተኛው ፒን ሲገባ ያኛውን እየገፋ ያወጣዋል። ያለዚህ ዘዴ ሮንዴላዎቹ በየጊዜው ስለሚወድቁ ትዕግሥትዎ ያልቃል።

4. የፍሬን ካሊፐሮቹንና የእጅ ፍሬኑን አሁኑኑ ያድሱ። ባሉበት ሊቆዩ ይችላሉ ብሎ መገመት በዚህ ክፍል ላይ አያዋጣም።

5. ማጥበቂያ መጠኖችን ከሞዴሉ የጥገና መጽሐፍ ብቻ ይውሰዱ። በሽቦ የታሰሩ ቡሎኖች ሲመለሱም በአዲስ ሽቦ መታሰር አለባቸው፤ ያገለገለ ኮፒሊያም መልሰው አይጠቀሙ።

## ደረጃ 3፦ መኪናውን በመቆሚያው ከፍታ ላይ ማስቀመጥ

በዚህ ደረጃ የሚጠፋው ጊዜ የሚቀጥሉትን ደረጃዎች ሁሉ ያቀልላል፤ በዚህ ላይ የተቸኮለ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የበየደውን እንደገና ይቆርጣል።

ቻንሲውን ጠፍጣፋ ወለል ላይ፣ በጠንካራ የብረት መደገፊያዎች ላይ ያሳርፉ፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ ቻንሲ ሥር ፈጽሞ አይግቡ። የፊትና የኋላ ጎማዎችዎን ትክክለኛ ቁመት ይወቁና ቻንሲው መኪናው አልቆ መንገድ ላይ ሲቆም በሚኖረው ከፍታና ዝንባሌ እንዲቀመጥ ያድርጉ። ብዙ ሆት ሮዶች ፊታቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ቻንሲው ከወለሉ ጋር ትይዩ አይሆንም፤ ይህን ዝንባሌ በውሃ ልክ ለክተው ይመዝግቡ፣ ምክንያቱም የፒኞኑ ማዕዘን የሚሰላው ከወለሉ እንጂ ከቻንሲው አይደለም።

ከዚያ የመኪናውን መካከለኛ መስመር ያውጡ። ከቻንሲው የፊትና የኋላ የታወቁ ነጥቦች በቱምቢ ወደ ወለሉ አውርደው ምልክት ያድርጉ፣ አጋማሾቹንም በቀለም በተነከረ ክር ያገናኙ። የ1932 ፎርድ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2,692 ሚሊሜትር ነው፤ ይህን ከፊት ጎማው መሃል ወደ ኋላ ለክተው የኋላውን ጎማ መሃል ወለሉ ላይ ያስምሩ። ቻንሲው ዘጠና ዓመት ያለፈው ኦሪጂናል ከሆነ ሰያፍ ልኬቶቹን ያነጻጽሩ፤ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ልዩነት ካገኙ መጀመሪያ ቻንሲውን ያስተካክሉ።

በአሞርዛተሮቹ ፋንታ የሚገቡ ቀጥ ያሉ የብረት ዘንጎች ይሥሩ። ርዝመታቸውን እንዲህ ያስሉ፦ የመረጡት አሞርዛተር ሲዘረጋ 400፣ ሲታጠፍ 280 ሚሊሜትር ከሆነ ጉዞው 120 ነው፤ መኪናው ሲቆም ከዚህ 40 በመቶው፣ ማለትም 48 ሚሊሜትሩ፣ ተጨምቆ እንዲገኝ ከተፈለገ የዘንጉ ርዝመት 352 ሚሊሜትር ይሆናል። በዚህ ከፍታ ሰሚያሶቹ ከወለሉ ጋር ትይዩ ወይም ወደዚያ የቀረቡ መሆን አለባቸው።

## ደረጃ 4፦ አግዳሚ ብረቱን መሥራት

የፋብሪካውን የላሜራ ሳጥን ከነላስቲክ መያዣዎቹ እንዳለ መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን በ1932 ፎርድ ቻንሲ ውስጥ ቦታ የሚይዝ በመሆኑ አብዛኛው ሠሪ አስወግዶት ዲፈረንሻሉን በቀጥታ ከአግዳሚ ብረት ጋር ያስራል። ዋጋው ግልጽ ነው፦ የማርሽ ድምፅ ወደ ሰውነቱ ይበልጥ ይገባል።

1. የቻንሲውን ሁለት ጎኖች በላሜራ ዘግተው ሳጥን ያድርጓቸው። ክፍት የሆነው ኦሪጂናል ቻንሲ የተሠራው በአንድ አግድም ባሌስትራ ለተሸከመ ድፍን አክስል እንጂ በዲፈረንሻሉ ዙሪያ ለሚያርፍ ጠመዝማዥ ኃይል አይደለም።

2. ከ50 በ75 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ ከ4 ሚሊሜትር ያላነሰ ቱቦላሬ አግዳሚውን ይቁረጡ። መሃሉ ላይ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ ይበይዱና በዲፈረንሻሉ አናት ላይ ላሉት አራት ቡሎኖች ቀዳዳ ያውጡ።

3. ዲፈረንሻሉን በአራቱ ቡሎኖች ሰቅለው በመካከለኛው መስመር ላይ ያሳርፉ። ሁለቱ የውስጥ ፒኖች ከመኪናው መካከለኛ መስመር ጋር ፍጹም ትይዩ መሆን አለባቸው፤ በዚህ ንድፍ የኋላ ጎማዎችን ትይዩነት የሚወስነው ይህ ብቻ ነው፣ በኋላ የሚያስተካክሉበት ብሎን የለም።

4. የፒኞኑን ማዕዘን ይወስኑ። የሞተሩና የካምቢዮው ጫፍ ለምሳሌ ወደ ኋላ 3 ዲግሪ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ የፒኞኑ አፍንጫ ወደ ላይ 3 ዲግሪ ይቅና፤ ሁለቱ መስመሮች ትይዩ ይሆናሉ። በእያንዳንዱ የካርዳን (ካምቢዮውን ከዲፈረንሻሉ የሚያገናኘው ዘንግ) ክሮቸራ ላይ የሚቀረው ማዕዘን ከ1 እስከ 3 ዲግሪ መካከል ይሁን። ዜሮ ማድረግም ስህተት ነው፤ ያኔ የክሮቸራው መርፌዎች ሳይንከባለሉ በአንድ ቦታ ይበላሉ።

5. ከሁለቱ የውስጥ ፒን ድጋፎች ተነስተው ወደ አግዳሚው የሚወጡ ማጠናከሪያ ዘንጎች ይጨምሩ፣ ወይም የፋብሪካውን የታች ሰሌዳ የሚተካ ጠንካራ ሰሌዳ ድጋፎቹን እርስ በርስ ያስር። በተራ መንዳት የጎን ኃይል የሚያርፈው እዚህ ግርጌ ላይ ነው፤ ዲፈረንሻሉን ከላይ ባሉት አራት ቡሎኖች ብቻ ማንጠልጠል በጊዜ ሂደት ቡሎኖቹን ያላላል፣ ሰሌዳውንም ይሰነጥቃል።

6. በዚህ ጊዜ ብየዳው በነጥብ ብቻ ይሁን። ሙሉው ብየዳ የሚመጣው ከደረጃ 6 በኋላ ነው።

## ደረጃ 5፦ ቁመታዊ ክንዶቹ

ብዙ ሰዎች ተሳስተው የሚቀሩት እዚህ ነው፤ ስህተቱም እስከ መንገዱ ድረስ አይታይም።

የታችኛው ክንድ በውስጥ ፒኑ ዙሪያ ስለሚወዛወዝ፣ ክንዱ ላይ ያለ ማንኛውም ነጥብ ከፒኑ መስመር ቅጥያ ላይ ካለ አንድ ነጥብ ያለው ርቀት አይለወጥም። ስለዚህ የቁመታዊው ክንድ የፊት ጫፍ የውስጥ ፒኑ ወደ ፊት ቢረዝም በሚያልፍበት መስመር ላይ ከታሰረ ሰስፔንሽኑ በነጻነት ይንቀሳቀሳል። ክንዱን ቀጥ አድርገው በቻንሲው ጎን ላይ ካሰሩት ግን ይያያዛል። ለምሳሌ የታችኛው ክንድ 400፣ ቁመታዊው ክንድ 600 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ጎማው 75 ሚሊሜትር ሲወጣ ቁመታዊው ክንድ 4.7 ሚሊሜትር ገደማ መርዘም ይኖርበታል። ጃጓር ይህን ልዩነት የሚውጥ ትልቅ የላስቲክ ቦኮላ ስለተጠቀመ ችግሩ አይታወቅም ነበር፤ በሆት ሮድ ላይ የሚወደደው ባለ ኳስ ጫፍ ግን ምንም አይውጥም፤ ወይ ጫፉ ይሰበራል፣ ወይ የቻንሲው ድጋፍ ይቀደዳል።

1. የውስጥ ፒኑን አውጥተው በዚያው ውፍረት ያለ ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ በድጋፎቹ ቀዳዳ ውስጥ ወደ ፊት ያሳልፉ። የቅጥያው መስመር ይህ ነው።

2. ከኋላው ማሰሪያ 500 ወይም 600 ሚሊሜትር ወደ ፊት በመሄድ በዚያ መስመር ላይ ምልክት ያድርጉ። ፒኞኑ 3 ዲግሪ ከቀና መስመሩም አብሮ ይቀናል፤ በ600 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ልዩነቱ 31 ሚሊሜትር ስለሆነ ዘንጉን ሳያሳልፉ በግምት ማሰር አይሆንም።

3. ነጥቦቹ ወደ መኪናው መሃል ይጠጋሉ፤ ስለዚህ ከካርዳኑ ዘንግ ሥር ወይም ጎን የሚያልፍ ሁለተኛ አግዳሚ ያስፈልጋል። ይህ አግዳሚ ካርዳኑ ቢሰበር የሚይዘው ቀለበት ተሸካሚ ሆኖ ያገለግላል፤ ቀለበቱን በዚሁ ጊዜ ይበይዱት።

4. በቅጥያው መስመር ላይ ማሰር ጨርሶ ካልተቻለ የተቻለውን ያህል ይቅረቡና የፊቱን ጫፍ በወፍራም የላስቲክ ቦኮላ ያስሩ። ባለ ኳስ ጫፍ በዚህ ሁኔታ አይጠቀሙ።

ማረጋገጫ፦ በአሞርዛተሮቹ ፋንታ የገቡትን ዘንጎች አውጥተው የታችኛውን ክንድ በእጅዎ ከታች እስከ ላይ ያንቀሳቅሱት። በየትኛውም ቦታ ቢከብድ፣ ቢያዝ ወይም ለብቻው ወደ አንድ ቦታ ቢመለስ የፊቱ ማሰሪያ ተሳስቷል ማለት ነው። ነጥብ ብየዳውን ፈልጠው ያንቀሳቅሱት፤ ሞላው ያሸንፈዋል ብለው አይለፉ።

## ደረጃ 6፦ ሞላና አሞርዛተር

የጃጓሩን ሞላዎች አይጠቀሙ። የተሠሩት ከሆት ሮድ እጅግ ለሚከብድ መኪና ስለሆነ ቀላሉን ፎርድ እንደ ጋሪ ያስዘልሉታል። አራቱን አሞርዛተሮች ግን ይጠብቁ፤ በየጎኑ አንድ ብቻ ከክንዱ ፊት ወይም ኋላ ማሰር ክንዱን ይጠመዝዘዋል።

አሞርዛተሩ ባዘነበለ ቁጥር የሞላው ጥንካሬ በማዕዘኑ ኮሳይን ካሬ ልክ ይቀንሳል፤ በ15 ዲግሪ ከመቶ 93፣ በ30 ዲግሪ 75፣ በ45 ዲግሪ ግን 50 ብቻ ይቀራል። ከ30 ዲግሪ በላይ አያዘንብሉት።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በአንድ ጎን የኋላ ሞላዎች የሚሸከሙት ክብደት 200 ኪሎግራም ቢሆንና መኪናው በሰከንድ 1.5 ጊዜ እንዲወዛወዝ ቢፈለግ፣ ጎማው ላይ 17.8 ኒውተን በሚሊሜትር ያስፈልጋል። አሞርዛተሩ የታሰረው ከ400ው ሚሊሜትር ክንድ በ300ው ላይ ከሆነና 20 ዲግሪ ካዘነበለ፣ ምጣኔው 0.75 በ0.94 ሲባዛ 0.705፣ ካሬው ደግሞ ወደ 0.5 ነው። ስለዚህ በጎን 36 ኒውተን በሚሊሜትር፣ ለእያንዳንዱ ሞላ 18 ይደርሳል፤ በአሜሪካ የሞላ ዝርዝር ይህ በኢንች 100 ፓውንድ ከሚለው ጋር ይቀራረባል። ክብደቱን በግምት ሳይሆን በሚዛን ይወቁ።

## ደረጃ 7፦ ሙሉ ብየዳ

ዲፈረንሻሉን ያውርዱ፤ የብየዳ ኤሌክትሪክ በኩሽኔቶች ውስጥ ካለፈ ይጎዳቸዋል። በቦታው አራቱ ቀዳዳዎች የወጡለት ወፍራም ሰሌዳ ያስሩ፣ አግዳሚው እንዳይጣመም ይይዘዋል። የመሬት መቆንጠጫውን ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ያድርጉ። ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር በሆኑ አጫጭር መስመሮች፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየተቀያየሩ ይበይዱ፣ በየመሃሉም ይቀዝቅዝ። የሰስፔንሽን ብየዳ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ የብየዳ ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ነጥብ ብየዳው ላይ አቁሞ ቀሪውን ለባለሙያ ይስጥ። ሲያልቅ የደረጃ 3ን ልኬቶች ደግመው ይውሰዱ።

## ደረጃ 8፦ ፍሬን፣ ካርዳንና ዘይት

የካሊፐሩ የአየር ማስወጫ ከሁሉም በላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ አየሩ መቼም አይወጣም። የፍሬን ዋናው ፓምፕ ከወለል በታች ሆኖ ከካሊፐሮቹ ዝቅ ካለ፣ ለዲስክ የሚሆን 2 ፒኤስአይ ግፊት የሚይዝ ቫልቭ በመስመሩ ላይ ያስገቡ። ወደ ኋላ በሚሄደው መስመር ላይም የሚስተካከል የግፊት መቀነሻ ይጨምሩ፤ ቀላል መኪና ላይ የጃጓሩ የኋላ ዲስክ ከፊቱ ቀድሞ ሊቆልፍ ይችላል። የጭስ ማውጫውን ከዲስኮቹ ያርቁ፤ ሙቀቱ የጎን ፓራኦሊዮዎቹን ያደርቃቸዋል።

የካርዳኑ ዘንግ ዲፈረንሻሉ ስለማይንቀሳቀስ ብዙ መንሸራተት አይፈልግም፤ ለማስገቢያና ለሞተሩ ንቅናቄ 20 ሚሊሜትር ያህል ይተዉለት። ዲፈረንሻሉን በጂኤል-5 ደረጃ 80 ደብሊው 90 ዘይት እስከ መሙያው ቀዳዳ ጠርዝ ይሙሉ። ውስጡ የመንሸራተት መገደቢያ ካለው ለእሱ የሚሆነውን ተጨማሪ ዘይት አይርሱ።

## ደረጃ 9፦ ካምበር ማስተካከል

መኪናው በሙሉ ክብደቱ ወለል ላይ ከቆመና ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተገፋ በኋላ ይለኩ። ከግማሽ እስከ 1 ዲግሪ ኔጌቲቭ፣ ማለትም የጎማው ራስ ወደ ውስጥ ያዘነበለ፣ ለመንገድ ተስማሚ ነው። በዲስኩና በሰሚያሱ መካከል 0.5 ሚሊሜትር ሮንዴላ መጨመር የጎማውን ራስ በሩብ ዲግሪ ገደማ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ማውጣት ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ሁለቱ ጎኖች ከሩብ ዲግሪ በላይ አይለያዩ።

## ሲበላሽ

ጋዝ ሲሰጡና ሲለቁ የመኪናው ኋላ ወደ ጎን ይስባል። የቁመታዊ ክንዱን ማሰሪያዎችና የውስጥ ፒኖቹን ኩሽኔት ይመርምሩ። ሁሉም ጥብቅ ከሆነ የፒኖቹን ትይዩነት እንደገና ይለኩ።

በተወሰነ ፍጥነት ይንቀጠቀጣል። የፒኞኑንና የካምቢዮውን ማዕዘን መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ይለኩ። ማዕዘኖቹ ትክክል ከሆኑ የካርዳኑን ሚዛን ያስመርምሩ።

ጋዝ በተረገጠ ቁጥር «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ አራቱን የላይ ቡሎኖች፣ ቀጥሎ የሰሚያስ ክሮቸራዎችን ይፈትሹ። ቡሎኖቹ ላልተው ከተገኙ አጥብቆ መተው አይበቃም፤ በሰሌዳው ዙሪያ ስንጥቅ ይፈልጉ።

የኋላ ጎማዎች የውስጥ ጠርዝ ይበላል። ሞላዎቹ ተኝተው መኪናው ዝቅ ብሏል። ከፍታውን ወደ ሰሚያሶቹ ትይዩነት ይመልሱ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሮንዴላ ይንኩ።

ዲስኮቹ ላይ ዘይት ይታያል። የጎን ፓራኦሊዮው አልፏል። የተነከረውን የፍሬን ሸራ ማጠብ አያድነውም፤ ይቀየር፤ የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ቀዳዳ መዘጋቱንም ይመልከቱ፣ የተዘጋ መተንፈሻ አዲሱንም ፓራኦሊዮ ይገፋዋል።

የመጀመሪያውን ጉዞ ቀስ ብለው፣ ሰው በሌለበት መንገድ ያድርጉ። ከ80 ኪሎሜትር በኋላ ቡሎኖቹን ሁሉ እንደገና በመለኪያ መፍቻ ይፈትሹ፣ ከ800 ኪሎሜትር በኋላም ይድገሙት።